በረዶ የመታው ማሳ፦ መቼ ይታረሳል፣ መቼ ይተዋል?

በረዶ በመታ ማግስት ማሳ ገልብጦ ማረስ ቤተሰብን ሁለተኛ ጊዜ ይጎዳል። ቅጠሉ ተበጣጥሶ ያለቀለት የሚመስል ሰብል ብዙ ጊዜ ሥሩ አካባቢ ነፍስ አለው። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ማሳው ላይ የተኛውን ውኃ ማፍሰስ ነው። በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በደጀን ዙሪያ ባለው ዋልካ (ውኃ የሚይዝ ጥቁር አፈር) መሬት ላይ በረዶው ቀልጦ ሲተኛ ሥሩ አየር ያጣል፤ ቀናት ከቆየ በረዶው ያልገደለውን ውኃው ይገድለዋል። ፈሰሱን በዶማ ክፈቱ። ውኃውን ወደ ጎረቤት እርሻ መልቀቅ ግን ጠብ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ባለማሳ ተነጋግሮ በአንድ ቦይ ያውርደው። መሬቱ እስኪጠነክር ከብት አይግባበት።

ጉዳቱን ማሳው ሳይነካ አስመዝግቡ። የልማት ሠራተኛውን ጥሩ፤ በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ስንት ቃዳ (አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው) እንደተመታ፣ ሰብሉ ምን እንደነበርና ቀኑን ጻፉ። ከታረሰ በኋላ የሚታይ ማስረጃ አይኖርም።

ከዚያ ከ5 እስከ 7 ቀን ጠብቁ። ዳር ዳሩን ብቻ ሳይሆን ከማሳው አምስት ቦታ አሥር አሥር ተክል ንቀሉና ግንዱን ከላይ እስከ ሥሩ በቢላ ሰንጥቁ። ውስጡ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ሕያው ነው፤ ቡናማ ሆኖ ከላመ ሞቷል። በቆሎ አምስት ስድስት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ማቆጥቆጫው ከአፈር በታች ስለሆነ ቅጠሉ ሁሉ ቢረግፍም ይመለሳል። ስንዴና ጤፍ አንጓ ሳያወጡ ከተመቱ ከሥር አዲስ ቡቃያ ይሰጣሉ። አሽተው አንገታቸው ከተሰበረ ግን ፍሬ አይሞሉም፤ ሳይሻግት አጭዶ ለከብት ማድረቅ ይሻላል። በጮቄ ተራራ ግርጌ የሚተከለው ድንች ከግንዱ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በረዶው አፈሩን ጠርጎ ሥሩን ካጋለጠው አፈር አስታቅፉት።

ግማሹና ከዚያ በላይ ተክል ሕያው ሆኖ በማሳው ላይ ተበትኖ ከተገኘ ማሳውን ገልብጣችሁ አትረሱት። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ለቃዳ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ዩሪያ፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ውኃ ባልተኛበት ቀን ስጡት። በቆመ ውኃ ላይ የተበተነ ማዳበሪያ ታጥቦ ይሄዳል። አረሙም ከሰብሉ ቀድሞ ስለሚነሣ በዚያው ሳምንት ይታረም።

ከሞተ ቀኑ ይወስናል። እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ፀደይ እንደሚባለው ዝርያ ያለ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ መድገም ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ጤፍ ማለት የዘር ብክነት ነው፤ ዝናቡ ሳያሽት ያልቅበታል። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ባለው ጊዜ ዋልካ መሬት ላይ ሽምብራ ዝሩ፤ አፈሩ በያዘው እርጥበት ይደርሳል። ለቃዳ ከ25 እስከ 30 ኪሎ፣ በመስመር መካከል 30፣ በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር። ውኃ ያቆረ ቦታ ላይ ግን ዘሩ ይበሰብሳል። ቀይ አፈር እንደ ዋልካ እርጥበት ስለማይይዝ ለዚህ አይሆንም። በመራዊ ዙሪያ ከቆጋ መስኖ ውኃ የሚያገኝ ሰው ለበጋ ስንዴ ወይም ድንች መሬቱን ያዘጋጅ።

ከገበያ የተገዛ ዘር ሳይፈተን አይዘራ። 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሉና በሳምንቱ እዩ፤ 85 ከበቀለ ደህና ነው፣ 70 ከሆነ የዘሩን መጠን በአምስተኛ እጅ ጨምሩ፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ሌላ ዘር ፈልጉ።

ሁለት አደጋዎች አሉ። አንዱ ጓያ ነው። ርካሽና የማይሞት ሰብል ስለሆነ በችግር ዓመት ይዘራል፤ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው ግን እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፣ ሽባነቱም አይመለስም። ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ከሌላ እህል ጋር እየቀላቀላችሁ በጥቂቱ ብቻ ብሉት። ሌላው በዓባይ በረሃ ያለ ማሽላ ነው። ተመትቶ ያቆጠቆጠው ለጋ ቡቃያ ከብት ስለሚገድል ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ሳያልፍ አታስግጡት።

በደቦ እንደገና ስትዘሩ ተራው የሚጀምረው በሬ ከሌላቸውና ብቻቸውን ከሚያሳድጉ እናቶች፣ ከዚያ ከአረጋውያን ማሳ ነው። ወንፈል መመለስ ስለማይችሉ ወደ ኋላ ከቀሩ እርጥበቱ ያመልጣቸዋል። ዘር ከተበዳደራችሁም በኪሎ መዝናችሁ በሁለት ወረቀት ጻፉ፤ አንዱ ከሰጪው፣ አንዱ ከተቀባዩ ዘንድ ይቀመጥ፤ የሚመለሰውም ከአውድማው በዓይነት ይሁን።