ልቦለድ እያነበቡ የራስን የሕይወት ትርጉም መመርመር እንዴት ይቻላል?

በመጀመሪያ አንድ መጽሐፍ ይምረጡ። የስኬትና የደስታ ምክር የሚሰጡ መጻሕፍት ገበያውን ቢያጥለቀልቁትም፣ ለዚህ ሥራ የሚሻለው በአስቸጋሪ ምርጫ የተወጠሩ ሰዎችን የሚያሳይ ልቦለድ ነው፤ መካሪው መጽሐፍ መልሱን ይዞ ይመጣል፣ ልቦለዱ ግን ጥያቄውን ለአንባቢው ይተውለታል። ለአብነት በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ።

ሲያነቡ እርሳስ ይያዙ፤ ያናደደዎትን ወይም ዘለው ሊያልፉት የፈለጉትን ቦታ ያስምሩበት። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ይህን ልቦለድ በሬዲዮ የተረከውን ማዳመጥ ትልቅ ደስታ ነው፤ ለምርመራ ግን የታተመው ይመረጣል፣ ተራኪ ቆም ብሎ አይጠብቅምና።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ደብተር ሲከፈት ነው። በግራው ገጽ ያሰመሩበትን ሐሳብ፣ በቀኙ ደግሞ ከራስዎ ሕይወት የሚነካውን ነገር ይጻፉ። የልቦለዱ ዋና ባለታሪክ በዛብህ ወላጆቹ በልጅነቱ በተሳሉት ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ሰው ነው፤ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ያ ስለት እንደ ዕዳ ይከተለዋል። እንግዲህ በቀኙ ገጽ የሚጻፈው ጥያቄ «እኔስ ሌሎች የተሳሉልኝ ስለት የትኛው ነው?» የሚል ይሆናል። ሙያዎን፣ ትዳርዎን፣ የሚኖሩበትን ከተማ አንድ በአንድ ይዘርዝሩና ከእያንዳንዱ ጎን ማን እንደመረጠልዎ፣ ዛሬ ምርጫው በእጅዎ ቢሆን ደግመው ይመርጡት እንደሆነ ያስፍሩ። አባቱ ስለፈለጉ ሒሳብ ያጠና ሰው፣ ከሥራው ሁሉ የሚወደው አዲስ ገቢዎችን ማሠልጠን መሆኑን የሚያውቀው እንዲህ ሲጽፍ ሊሆን ይችላል። በሌሎች የተመረጠ ሁሉ ግን መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ተመርምሮ በገዛ ፈቃድ የሚጸና አደራም አለና፣ እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም።

የጻፉትን ለጥቂት ቀናት ይተዉትና፣ ስልክዎን አስቀምጠው ተመልሰው ያንብቡት። ከዚያም ያለፈው ሳምንት ምሽቶችዎ በምን እንዳለፉ ከጻፉት ጋር ያስተያዩ። «ቤተሰቤ ከሁሉ ይበልጥብኛል» ብለው ጽፈው ምሽቱ ሁሉ በቴሌግራም ካለቀ፣ ልዩነቱን የሚያጠብ አንድ ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ ከልጆች ጋር እራት መብላትን፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ይያዙ።

በመጨረሻም ለሚያምኑት ሰው ያንብቡለት። ቶሎ ከሚያጽናና ወዳጅ ይልቅ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ይሻላል፤ የንስሐ አባትም ሆነ የቆየ የሥራ ባልደረባ ሊሆን ይችላል። በውይይቱ የተለወጠውን ሐሳብ ሳይሰርዙ፣ ከሥሩ ቀኑን ጠቅሰው ይጻፉ፤ መጽሐፉን ከዓመታት በኋላ ሲደግሙት በሌላ ቀለም የሚጽፉበት ቦታም ይተዉ።