ለዓሣ ጀልባችሁ ስንት ፈረስ ይበቃል?

የጀልባ ሞተር ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባለ ስንት ፈረስ አለህ?» ብሎ ነው፤ ፈረስ የሞተር ጉልበት መለኪያ ነው። ሻጩ ያለውን ያወጣል፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ አለቀ። ስለ ጀልባው ማንም አላነሳም። ሒሳቡ ግን የሚጀምረው ከጀልባው ነው። ጣና ላይ የሚሠራ አንድ ጀልባ ይዘን እንየው። ጫሞና ዝዋይ ያላችሁ ቁጥሩን እየቀየራችሁ ተከተሉ።

መጀመሪያ ጀልባውን መዝኑ። ባዶውን ሳይሆን ዓሣ ይዞ ሲመለስ ያለውን። ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ የላሜራ ጀልባ ነው እንበል። ባዶው 350 ኪሎ። ሦስት ሰው 200። መረብና ገመድ 50 (የራሰውን ነው የምትመዝኑት፣ ደረቁን አይደለም)። ቀን ከቀና ቆሮሶውና አምባዛው 200። ሞተር፣ ቤንዚንና ጓዝ 100። ድምሩ 9 ኩንታል።

ቀጥሎ፣ ጀልባችሁ ውሃውን እየሰነጠቀ የሚሄድ ነው ወይስ ተነስቶ ላዩ ላይ የሚንሸራተት? ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይ። ከባድ ጀልባ ሲሄድ ከፊቱና ከኋላው ማዕበል ይፈጥራል፣ ከዚያ ራሱ በፈጠረው ማዕበል መካከል ታስሮ ይቀራል። ጣሪያውን የሚወስነው ርዝመቱ ነው። ውሃ የሚነካውን ርዝመት በሜትር ለኩ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በ4.5 አባዙት። የሚመጣው በሰዓት የሚሄደው ኪሎ ሜትር ነው። ለ6 ሜትር 11 ገደማ ይሆናል። ከዚያ በላይ ልንዳ ካላችሁ ኋላው ይዘፈቃል፣ አፍንጫው ሰማይ ያያል፣ ቤንዚኑ ያልቃል፣ ፍጥነቱ ግን እምብዛም አይጨምርም። እንዲህ ያለ ጀልባ ላይ 40 ፈረስ ማሰር ለታይታ ካልሆነ ምን ይሠራል?

ለሰንጣቂው ጀልባ፣ ውሃው ሲረጋ ለአንድ ቶን ከ3 እስከ 5 ፈረስ ይበቃል። መካከሉን፣ 4ን እንያዝ። ለ9 ኩንታል 3.6 ፈረስ መጣ። አነሰ አይደል? ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን ሌላ ነው። ጣና ስፋቱ ባሕር ይመስላል እንጂ ጥልቀቱ ያን ያህል አይደለም፤ ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ ማዕበሉ አጭርና ገደላማ ነው። ስለዚህ እጥፍ አድርጉት፣ 7.2።

አሁን ሻጩ የማይነግራችሁ ነገር መጣ። ሞተሩ ክዳን ላይ የተጻፈው ጉልበት የተለካው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ትንፋሽ ያጥረዋል። በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ይቀንሳል ብላችሁ አስቡ። ጣና ያለው ወደ 1,800 ሜትር ላይ ነው፣ ስለዚህ 18 በመቶው የለም። 15 ፈረስ ብላችሁ የገዛችሁት ባሕር ዳር ሲደርስ 12 ነው። የኛን 7.2 ለ0.82 ስናካፍል 8.8 ይመጣል። ገበያ ላይ ቅርቡ 9.9 ነው፣ እሱን ውሰዱ። ጫሞ ዝቅ ስለሚል እዚያ ቅነሳው 11 በመቶ ገደማ ነው።

ቀላል የፋይበር ጀልባ ይዛችሁ መንሸራተት ከፈለጋችሁ ስሌቱ ይለያል። ከነሰው ከነዕቃው ለ20 ኪሎ አንድ ፈረስ ቁጠሩ፣ ከዚያ የከፍታውን ጨምሩ። 350 ኪሎ ከሆነ 17.5፣ ከፍታው ሲገባ 21፣ ስለዚህ 25 ፈረስ። ፋብሪካ የሠራው ጀልባ ላይ ከፍተኛውን ጉልበት የሚናገር ሰሌዳ ካለ ግን እሱን አትለፉ። ኋላው ያንን ክብደትና ግፊት እንዲችል ነው የተሠራው።

ቱ ስትሮክ ወይስ ፎር ስትሮክ? ቱ ስትሮኩ ቀለል ይላል፣ ለመጠገንም አያስቸግርም፣ ግን ቤንዚን ይጠጣል፣ ዘይትም ይቀላቀልበታል። በየቀኑ ለሚወጣ ሰው እኔ ፎር ስትሮክ እላለሁ። 9.9 ፎር ስትሮክ እስከ መጨረሻው ሲነዳ በሰዓት 4 ሊትር ገደማ ያቃጥላል፤ ትንሽ ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ብትነዱት ፍጆታው በጣም ይወርዳል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ለኩ። 38 ሴንቲ ከሆነ አጭር እግር፣ 51 ከሆነ ረጅም እግር ነው የሚያስፈልጋችሁ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይም ሁለት ሦስት ሴንቲ ዝቅ ማለት አለባት። ካጠረ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፣ ከረዘመ ደግሞ ዳር ላይ ድንጋይ ያገኘዋል።

በመጨረሻ ጭነታችሁን ሙሉ አድርጋችሁ ውሃ ላይ ሞክሩት። ጋዙን ጨርሳችሁ ስትሰጡት በደቂቃ የሚዞረው ዙር መመሪያው ላይ ከተጻፈው ካልደረሰ ሞተሩ ትንሽ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ፒቹ (ፕሮፔለሩ አንድ ዙር ሲዞር ወደፊት ሊሄድ የሚገባው ርቀት፣ በኢንች) የሚያንስ ፕሮፔለር ቀይሩ፤ አንድ ኢንች ሲቀንስ ወደ 200 ዙር ይጨምራል። ካርቡራተር ያለው ሞተር ጥቁር ጭስ ካወጣና ካንዴላው ከጠቆረ ደግሞ ለከፍታው ቤንዚን በዝቶበት ሊሆን ስለሚችል የካርቡራተሩ ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ቁራጭ) በሚያንስ ይቀየር። እምቦጭ ባለበት ዳር ካለፋችሁ በኋላም ሞተሩ ከኋላ የሚተፋትን ውሃ ዞር ብላችሁ እዩ፤ ከቀጠነች ወይም ከቆመች ማቀዝቀዣው ተደፍኗልና ወዲያው አጥፉት።