መርፌዋን አውርዱና ሰውየውን እዩት

ደሴ ፒያሳ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። ሱቄ ጠባብ ናት፤ በሯ ግን ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። በር ከተከፈተ ደግሞ ሰው ይገባል። አድራሻ የጠፋበት፣ ብር ዘርዝርልኝ የሚል፣ ዝናብ ያባረረው። ድሮ ቀና ሳልል "እህ?" ነበር መልሴ። እሁድ እሁድ ጌታን ላገልግል እያልኩ እጸልያለሁ፣ ሰኞ ሰው ሲመጣ ፊቴ ይጠቁራል።

ከሁሉ በፊት መርፌ ማውረድ ልመዱ። ሰው ሲገባ መዘውሩን በእጄ አዙሬ መርፌዋን ጨርቁ ውስጥ አስገብቼ አቆማታለሁ። ጨርቁ አይንሸራተትም፤ ስመለስም ስፌቱ ካቆምኩበት ይቀጥላል። የምትጽፉ ከሆነ ቀጣዩን ሐሳብ በሁለት ቃል ጫር አድርጉ። ሒሳብ ላይ ከሆናችሁ የደረሳችሁበትን ቁጥር ክበቡት። ያኔ ልባችሁ ሥራው ላይ ተንጠልጥሎ አይቀርም።

ከዚያ ሰውየውን እዩት። ባለፈው ክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን በሸፈነበት ከሰዓት፣ አንዲት እናት የሐኪም ቤት ወረቀት ይዘው ገቡ። ለማታ ቃል የገባሁት ሙሉ ልብስ ማሽኑ ላይ ነው። "እስቲ አንብብልኝ የኔ ልጅ" አሉኝ። ቀጠሮው ለማግስቱ ጠዋት ነበር። እሳቸው ግን የሚቀጥለው ሳምንት መስሏቸው፣ በዚያ ጉም የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሊገቡ ነው። በስልኬ እህታቸው ጋ ደወልንና እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር እንዲያድሩ ተስማሙ። ሻይ አስመጣሁላቸው። "አብሽር፣ አላህ ይስጥልኝ" አሉ። "አሜን" አልኩ፤ ስብከት አልጨመርኩም። ሉቃስ 10 ላይ ያለው ሳምራዊም ለቆሰለው ሰው ዘይት፣ የወይን ጠጅ፣ ማደሪያና 2 ዲናር ነው የሰጠው። ሲናገር የምንሰማው ለእንግዳ ማደሪያው ባለቤት ብቻ ነው።

ግን በሰው ጊዜ ቸር አትሁኑ። ማርቆስ 5 ላይ ጌታ ወደ ኢያኢሮስ ቤት ሲሄድ፣ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረች ሴት ልብሱን ነካች፤ ቆመላት። እኔን ሁሌ የሚያሳዝነኝ ኢያኢሮስ ነው። ልጁ እየሞተችበት ቆሞ ይጠብቃል። የኔም ደንበኛ እንደዚያው ቆሞ ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ የሞተ አላስነሣም። ስለዚህ ረቡዕ የሚያልቀውን "ዓርብ ውሰዱ" እላለሁ። ያም ካልበቃ ቶሎ እደውላለሁ። የዚያን ቀን ሙሉ ልብሱን ያስረከብኩት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ባለቤቱ አኩርፏል፣ ልክ ነው።

ወሬ ብቻ ይዞ የሚመጣ ጓደኛም አለ። አላባርረውም። ቁልፍና ክር አቀብለዋለሁ። አሁን ከኔ የተሻለ ቁልፍ ይተክላል።