ቤት ልትሰሩ ነው? ቁፋሮው ላይ አትቸኩሉ

ቦሌ፣ ሲኤምሲ፣ አቃቂ አካባቢ ቦታ ያላችሁ መጀመሪያ አፈሩን እዩት። ጥቁር አፈር (ዋልካ) ከሆነ ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውም አብሮ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ እሱን ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ (ጠጠራማ የሙሌት አፈር) መተካት ነው፣ ጥልቀቱን ግን አፈሩን ያስመረመረ መሐንዲስ ይንገራችሁ እንጂ የኤክስካቫተሩ ሹፌር አይወስን።

ከዛ በፊት የወሰን ድንጋዩን ከካርታው ጋር አመሳክሩ። ችካል ስትተክሉ ማዕዘኑን በ3፣ 4፣ 5 ሜትር ፈትሹ፣ በአንዱ ጎን 3 በሌላው 4 ለክታችሁ ማዶ ለማዶ 5 ካልመጣ ጠማማ ነው።

ገረጋንቲውን ሲኖው እንዳራገፈው አንዴ ደልድሎ መሄድ የለም፣ 20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ውፍረት እያነጠፋችሁ፣ ውሃ እያጠጣችሁ በሩሎ ጠቅጥቁ። እኔ እዚህ ጋ ቸኩዬ በዓመቱ ወለሉ ሰመጠ 😅

ለመሠረት ከተባለው በላይ ከተቆፈረ አፈር መልሳችሁ አትሙሉ፣ ሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው አነስ ያለ ኮንክሪት) ይግባበት። የጎረቤት አጥር ስር ደግሞ በማሽን አትጠጉ፣ በሰው ይቆፈር። የሚወጣው አፈር የት እንደሚደፋ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ የሲኖ ምልልሱ ነው ብሩን የሚበላው። ሥራውን ጥቅምት ላይ ብትጀምሩት ጥሩ ነው፣ ሐምሌ ላይ ጉድጓዱ ኩሬ ይሆንባችኋል።