ኮርሱ አለቀ፣ ከዚያስ? ችግርና መፍትሄ ለሐዋሳ ጀማሪ ኮደሮች

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች የተባለው የመንግሥት የኢንተርኔት ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ፣ ሐዋሳ ውስጥ ሰርተፊኬቱን ከስልኩ አውጥቶ የሚያሳይ ወጣት አይጠፋም። ብዙው ግን እዚያው ቆሟል።

ምልክት፦ ሌላ የጀማሪ ኮርስ ጀምራችኋል

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቪዲዮ መከተል አይከብድም። አስተማሪው ይጽፋል፣ እናንተ ትገለብጣላችሁ፣ ይሠራል። የመጨረሻውን መልመጃ ቪዲዮውን ዘግታችሁ እንደገና ጻፉት። ከወጣላችሁ አዲሱን ኮርስ ተዉት። ካልሆነ የተያዛችሁበትን ክፍል ብቻ መልሳችሁ እዩ።

ምልክት፦ ባዶ ፋይል ከፍታችሁ ፈዛችኋል

እስካሁን ጥያቄውን የሚያመጣላችሁ ኮርሱ ነበር። አሁን ጥያቄ ያለው ሰው ፈልጉ። ቤት ውስጥ ካልሆነ ጎረቤት፣ ካልሆነም አሞራ ገደል ዓሣ ከሚነግዱት መካከል የዕቁብ ጸሐፊ አታጡም። ደብተሩን አስፈቅዳችሁ እዩና ማን ከፈለ፣ ማን ሳይከፍል ቀረ፣ ዕጣው ለማን ወጣ የሚለውን የሚይዝ ፕሮግራም በፓይተን ሥሩ።

መጀመሪያ ቀላል ይመስላል። የስም ዝርዝር፣ አንድ ሉፕ፣ ዕጣ ማውጫ፤ አለቀ። ከዚያ ደብተሩን ስትገልጡ ሁለት ሰዎች አንድ ዕጣ ለግማሽ ይዘዋል። አንዷ ሁለት ዕጣ አላት። ሌላው ልጁን ሊድር ስለሆነ ባለዕጣው ተራውን ለቆለታል። ያቺ የስም ዝርዝር እዚህ ላይ ጉድ ትሆናለች። (ትሁን፣ የተፈለገውም ይኸው ነው።) አባልና ዕጣ ለየብቻ መቀመጥ እንዳለባቸው ያኔ ይገባችኋል። ዳታቤዝ የመማሪያው ሰዓትም ያኔ ነው። ኤስኪውላይት የተባለው ቀላል ዳታቤዝ ይበቃችኋል፤ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል።

ምልክት፦ የተመዘገበ ሰው ሲፈለግ «የለም» ይላል

ጸሐፊዋ «ኃይሉ» ብላ መዝግባ እናንተ «ሀይሉ» ብላችሁ ፈልጋችኋል። ለኮምፒውተር ሁለቱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ከማወዳደራችሁ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚቀይር ፈንክሽን ጻፉ። ካዕብ፣ ሣልስ እያላችሁ እስከ ሳብዕ መዝለቁን አትርሱ፤ ሃንና ሀንም አንድ አድርጓቸው። ይህን የሚያስተምር የጀማሪ ኮርስ እኔ አላየሁም።

ምልክት፦ ዌብ፣ ሞባይል ወይስ ዳታ እያላችሁ ትዋልላላችሁ

ዕቁብተኞቹ ይወስኑላችሁ። ከስልካቸው ማየት ካማራቸው የቴሌግራም ቦት (ለመልእክት በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) ሥሩላቸው፤ ወደ ዌብ የሚወስደው መንገድ በዚያ በኩል ነው። እናንተን የሳባችሁ ማን እንደሚያዘገይና መቼ እንደሚያዘገይ መቁጠሩ ከሆነ፣ ዳታ ላይ በርቱ።

ምልክት፦ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሥራ ይቆማል

የፓይተንን ሰነድ ጠቅልላችሁ አውርዱ። የኮድን ለውጥ የሚይዘው ጊት የተባለው መሣሪያ ለውጦችን ለመመዝገብ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኔትወርክ ሲመለስ ኮድ ወደሚቀመጥበት ድረ ገጽ ወደ ጊትሃብ ፑሽ ታደርጋላችሁ (ትልካላችሁ)። ሥራ ስትጠይቁ ከሰርተፊኬቱ ይልቅ ጊትሃብ ላይ ያስቀመጣችሁትን ሥራ አሳዩ። የአባላቱን ስምና ገንዘብ የያዘውን ፋይል ስም ግን ከመጀመሪያው ኮሚት (የለውጥ ምዝገባ) በፊት ጊት የማይመዘግባቸው ፋይሎች በሚዘረዘሩበት ጊትኢግኖር ውስጥ አስገቡት። የሰው ገንዘብ አደባባይ ወጥቶ ዕቁቡ ቢጣላ ማንም ደብተሩን ዳግም አያሳያችሁም።