እናት የሌላቸው ጫጩቶች ሌሊት ለሚሞቱባችሁ

በማሽን የፈለፈልኳቸው ጫጩቶች ቀን ደህና ይውላሉ። ሌሊት ግን ጥግ ይዘው፣ ተደራርበው ይጮሃሉ። ጠዋት ከስር የነበሩት ታፍነው ይገኛሉ። መደራረቡ የብርድ ምልክት ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋሉ።

አምፖል ሞከርኩ፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ጠፋ። በጨርቅ የጠቀለልኩት የሙቅ ውሃ ጠርሙስም ሳይነጋ ቀዘቀዘ።

የሠራው መላ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። እንቁላል መጣል ያቆመች፣ ሌሎቹ የሚነቁሯት አንዲት አሮጊት ዶሮ አለችኝ። ትታረድ ሲባል አንጀቴ አልችል ብሎ ያቆየኋት ናት። ሰሞኑን ባዶ ጎጆ ታቅፋ አልነሳም ብላ ነበር።

ለብቻዋ ጨለም ያለ ቦታ አስገባኋት። ለጥቂት ቀናት እንቁላል አሳቀፍኳት። ከዚያ ድቅድቅ ሲል ጫጩቶቹን አንድ በአንድ ከሆዷ ስር እያስገባሁ እንቁላሎቹን አወጣሁ። ባትሪ እንዳታበሩ! ጨለማው ነው ዋናው ዘዴ። ሲነጋ ግን አጠገባቸው ሁኑ፤ ከነቆረቻቸው ወዲያው መለየት ነው። የእኔዋ ክንፏን ዘርግታ ሰበሰበቻቸው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ታፍኖ የሞተ የለም።

ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ ቀናት ካለፋቸው ላይለምዷት ይችላሉ፤ ቶሎ ስጧት። ብዛታቸውም ክንፏ የሚሸፍነውን ያህል ይሁን። መኖው ለሁሉም የጫጩት ነው፤ የእንቁላል ጣይ መኖ ካልሲየሙ ስለሚበዛ የጫጩት ኩላሊት ይጎዳል። እሷ የጫጩቱን ብትበላ ምንም አትሆንም። የውሃ ዕቃው ጠለቅ ካለ ደግሞ ጠጠር ጨምሩበት።