የሚጣበቅ የሳይክል መንፊያ እንዴት ይጸዳል፣ በምንስ ይቀባል?

ሐዋሳ የሳይክል ከተማ ናት። አብዛኛው መንገድ ሜዳ ስለሆነ ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ዳር ብዙ ሳያልቡ መድረስ ይቻላል። ሳይክል ባለበት ግቢ ደግሞ አንድ የቆመ የእጅ መንፊያ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን በር ጀርባ ተደግፎ፣ አቧራ ለብሶ ነው። ሲጠየቅ «ተበላሽቷል» ይባላል። እጀታው ሲሳብ ይይዛል፣ ሲጫኑት ይንገጫገጫል። ባለቤቱም ጎማው በተነፈሰ ቁጥር ሳይክሉን እየገፋ ጎሚስታ ጋ ይሄዳል።

እንዲህ ከሚጣሉት መንፊያዎች አብዛኞቹ ቆሽሸውና ደርቀው እንጂ ተበላሽተው አይደለም። ያለ ባለሙያ፣ ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ይመለሳሉ።

እዚህ እኛ ጋ አቧራው ራሱ ችግር ነው። የሐዋሳ አካባቢ አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ፑሚስ የበዛበት ነው። ብሎኬት የሚሠራበትን ያንን ቀላል ድንጋይ ማለቴ ነው። ብናኙ ስል ነው፤ ከቅባት ጋር ሲቀላቀል ብረት ይሞርዳል። ስለዚህ አንድ ነገር አደራ፦ ሳታጸዱ አትቀቡ። «ትንሽ ዘይት ጠብ ላድርግበት» ብሎ ከላይ ማንጠባጠብ ለአንድ ሳምንት ያለሰልሰው ይሆናል። ከዚያ በኋላ የባሰ ይይዛል።

ከመፍታታችሁ በፊት

የመንፊያ ውስጡ ቀላል ነው። ከእጀታው ወደ ታች የሚወርደው ዘንግ ጫፍ ላይ የቆዳ ወይም የጎማ ክብ አለ። ወደ ላይ ስትስቡ አየር በጎኑ ያሳልፋል። ስትጫኑ ሲሊንደሩን፣ ማለትም ዘንጉ የሚመላለስበትን ቧንቧ፣ ግጥም አድርጎ ይይዝና አየሩን ወደ ቱቦው ይገፋል። ታች፣ ቱቦው የሚነሳበት ቦታ፣ የወጣው አየር ተመልሶ እንዳይገባ የሚዘጋ ቫልቭ አለ። ሕመሙ ከእነዚህ ከአንዱ ነው።

የቱቦውን አፍ በአውራ ጣት ዝጉና እጀታውን ተጫኑ። አየሩ ጣታችሁን ካልገፋና እጀታው ዝም ብሎ ከወረደ፣ ክቡ ደርቋል ወይም አልቋል። ጎማ ላይ ሰክታችሁ ስትነፉ እጀታው በራሱ ወደ ላይ የሚነሳ ከሆነ የታችኛው ቫልቭ አይዘጋም። ጣታችሁን አንስታችሁም ከከበደ ቱቦውን ከመንፊያው ፍቱና እንደገና ሞክሩ። አሁን ከቀለለ የተዘጋው ቱቦው ወይም አፉ ነው። አሁንም ከከበደ ቆሻሻው ያለው ሲሊንደሩ ውስጥ ነው፤ ወይም ዘንጉ ተጣሟል።

መፍታት

ከላይ ያለው ክዳን ብዙ ጊዜ በእጅ ይፈታል። አንዳንዱ በትናንሽ ብሎኖች የተያዘ ስለሆነ ካቻቢቴ ይፈልጋል። የብረት ክዳን እምቢ ካለ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በጂራቱቦ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። የፕላስቲክ ክዳን ከሆነ ግን ጂራቱቦ አታሳዩት፤ ይሰነጠቃል። ሙቅ ውሃ ያስነካችሁት ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ጠቅልሉበትና በእጅ ሞክሩ።

ዘንጉን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። የሚወጣውን ነገር በቅደም ተከተል ጋዜጣ ላይ ደርድሩ፤ በሞባይልም ፎቶ አንሱ። ዳዶና ሮንዴላ የቱ ከላይ፣ የቱ ከታች እንደነበር በኋላ ማንም አያስታውስም። የቆዳው ክብ እንደ ኩባያ የተከፈተው ጎኑ ወደ ታች መዞሩንም እዩ። ተገልብጦ ከተመለሰ መንፊያው አየር አይሰጥም።

ክቡን ስታወጡ ዙሪያው ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር ታገኛላችሁ። በሁለት ጣት ፈትሉት። የሚቆረቁራችሁ አሸዋ ነው። እጀታውን ሲያንገጫግጭ የነበረውም እሱ ነው።

ማጽዳት

አሮጌ ካናቴራ ቅደዱና ረጅም እንጨት ላይ ጠቅልሉ። ጥጥ አይሆንም፤ ክሩ ውስጥ ይቀራል። ሲሊንደሩ ብረት ከሆነ ጨርቁን ላምባ አስነክታችሁ ከላይ እስከ ታች እያዞራችሁ ጥረጉ። ጨርቁ ሲጠቁር ቀይሩት። ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አትቁሙ። ይህን ከእሳት ርቃችሁ፣ ደጅ ሥሩ። ቤንዚን አትጠቀሙ፤ እሳት ይጠራል፣ ጎማና ቆዳውንም ያደርቃል። ፕላስቲክ ሲሊንደር ከሆነ ላምባውም ይቅር፤ ለብ ያለ ውሃና ላርጎ ይበቃዋል።

በመጨረሻ ሁለቱንም በሳሙና ውሃ አጥባችሁ አፋቸውን ወደ ታች አቁሙና በደንብ አድርቁ። ውሃ የቀረበት የብረት ሲሊንደር ሲዝግ ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ነው።

ዘንጉን መስታወት ወይም ልሙጥ ጠረጴዛ ላይ አንከባሉት። ከዘለለ ጠሟል። ቀላል ዝገት ካለበት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አልፉትና ጥረጉት። የሲሊንደሩን ውስጥ ግን በብርጭቆ ወረቀት አትንኩ። የምትጭሩት እያንዳንዱ መስመር በኋላ አየር የሚያመልጥበት ነው።

ቆዳውና ጎማው

የቆዳ ክብ ውሃ ውስጥ አይነከርም። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። እንደ እንጨት ከጠነከረ ቫዝሊን በደንብ አሹበትና አሳድሩት። ጠዋት ጠጥቶት፣ ተለሳልሶ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ዳሩን በጣት ወደ ውጭ ገፋ ገፋ እያደረጋችሁ ክፈቱት። ቅቤ ወይም ሞራ የሚቀቡም አሉ። ቆዳ ማለስለሱን ያለሰልሳል፤ ግን ይሸታል፣ ጉንዳንም ይጠራል።

ክቡ ጎማ ከሆነ ላርጎ ባለው ውሃ እጠቡትና ለጠጥ እያደረጋችሁ እዩት። ከተሰነጠቀ ወይም አንድ ጎኑ ከተደፈጠጠ ምንም ቢቀባ አይድንም። አሮጌውን ይዛችሁ የቧንቧ ዕቃ ወይም የሳይክል መለዋወጫ መሸጫ ሄዳችሁ በልኩ ፈልጉ። በቃል «መካከለኛ ነው» ማለት አያዋጣም።

በምን ይቀባ?

የምግብ ዘይት አይሆንም። ቆይቶ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል። ብዙ የሚጣበቁ መንፊያዎች የታመሙት በዚሁ ነው። ደብሊው ዲ 40 የሚባለው መርጫ ደግሞ የዛገ ብሎን ለማስለቀቅ ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን የነበረውን ግሪስ አጥቦ ያወጣና ራሱም ብዙ ሳይቆይ ይተናል። ለጎማ ክብ የሚሻለው ሲሊኮን ግሪስ ነው። ቫዝሊንና የመኪና ግሪስ ከነዳጅ የሚወጡ ናቸው፤ አንዳንዱን የጎማ ዓይነት ያሳብጡታል። ያበጠ ጎማ ደግሞ መልሶ ይይዛል። ለቆዳ ግን ቫዝሊን ችግር የለውም።

መጠኑ ትንሽ ነው። ጣት ጫፍ ላይ ይዛችሁ የክቡን ዙሪያ ቀቡ። ዘንጉ ላይም ስስ አድርጉ። ሲሊንደሩን መሙላት ቅባቱን ወደ ቱቦው፣ ከዚያም ወደ ጎማችሁ መግፋት ነው።

መግጠም

ክቡን ወደ ሲሊንደሩ ስታስገቡ በቀጥታ አትግፉት። ዘንበል አድርጋችሁ አንዱን ጎን አስገቡና እያዞራችሁ ሌላውን በጣት አስከትሉ። ዳሩ ከታጠፈ እዚያው ይቀደዳል። ክዳኑን በእጅ እስኪጠብቅ ብቻ ዝጉ። እጀታውን ደጋግማችሁ ላይ ታች አድርጉና የአውራ ጣቱን ሙከራ መልሱ።

እጀታው አሁንም በራሱ የሚነሳ ከሆነ ቱቦውን ፍቱና ሥሩን እዩ። እንደ ዓይነቱ ትንሽ የብረት ኳስና ሞላ፣ ወይም አንዲት ጠፍጣፋ ጎማ ታገኛላችሁ። ሞላው ፈናጥሮ እንዳይጠፋ ጨርቅ ዘርግታችሁ ሥሩ። ብዙውን ጊዜ እዚያ የተቀመጠች አንዲት የአሸዋ ፍሬ ናት ሥራውን የምታበላሸው። ጥረጉና መልሱ፤ እዚህ ግሪስ አያስፈልግም።

«አጽድቼውም ቶሎ አይሞላም» የሚል ካለ ሌላ ምክንያትም አለ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ጤነኛ መንፊያም እዚህ በአንድ ግፊት የሚያስገባው አየር ያነሰ ነው። ጥቂት ጨምራችሁ ትነፋላችሁ እንጂ መንፊያው ጥፋት የለበትም።

ጀልባና የመዋኛ ጎማ የሚነፋባቸው ወፋፍራም የፕላስቲክ መንፊያዎችም የሚጸዱት በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ ብዙዎቹ ሲሳቡም ሲጫኑም አየር መስጠታቸው ነው። ስለዚህ ክዳኑ ላይ ያለውንም የጎማ ቀለበት አጽድታችሁ ሲሊኮን ቀቡት።

ሲሊንደሩ ውስጥ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካገኛችሁ ግን አትድከሙ። አዲስ ክብም ቢገባለት አየሩ በዚያ ያመልጣል። ቱቦውንና አፉን ለመለዋወጫ አስቀሩና ሌላ መንፊያ ግዙ።